ኤርታሌ በቡና ሲኒ

ዛሬ ስለ ኬክ ነው የምጽፈው። "የኬሚስትሪ አስተማሪን ኬክ ምን አገባው?" እንዳትሉኝ፣ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ባለፈው እሁድ ልጄ 7 ዓመት ሞላት። ኤርታሌን በቲቪ አይታ ኖሮ "ኬኬ እንደዚህ ይሁን፣ ግን መፍላት አለበት" አለችኝ። ኬክ ቤት ሄጄ ዋጋ ጠየቅኩና አመስግኜ ወጣሁ። የአስተማሪን ደሞዝ መቼም ታውቁታላችሁ።

እናም ቤት ውስጥ ተያያዝነው። ባለቤቴ ሁለት ኬክ ጋገረች፤ ደራርበን፣ ጠርዙን በቢላ ጠርበን ቸኮሌት ቀባነው። ደግነቱ ኤርታሌ ሹል ተራራ አይደለም። ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ነው፣ ጎኑም ዝርግ ነው፤ ለጀማሪ ይመቻል።

ላቫውን ከስኳር ሠራሁት። ስኳሩን በትንሽ ውሃ ሳፈላ ሙቀቱ ወደ 150 ዲግሪ መድረስ ነበረበት። ቴርሞሜትር ስለሌለኝ ጠብታውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየጣልኩ አየሁ። ከለሰለሰ ገና ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ከእሳት አውጥቼ ቀይ የምግብ ቀለም ጨመርኩና ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ አፈሰስኩት። ሲቀዘቅዝ ቀይ መስታወት ሆነ! ሰባብሬ ጎኑ ላይ ሰካሁት። (የምትሞክሩ ካላችሁ ልጆችን አርቁ። የቀለጠ ስኳር ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ከፈላ ውሃ ይብሳል። ስባሪውም ስለት ነው፤ ኬኩ ሳይቆረስ ይነሳ።)

የቸገረኝ መፍላቱ ነው። በትርፍራፊው ኬክ ላይ ጉድጓድ ሠርቼ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ጨመርኩበት። አረፋው ደስ ይላል፤ ኬኩ ግን ራሰ፣ ጣዕሙም አይነሳ! ባለቤቴ ምንም ሳትናገር አንድ የቡና ሲኒ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች። በቃ፣ መልሱ እሱ ነበር። ሲኒውን እስከ አፉ መሃል ላይ ቀበርነው። አንድ ትንሽ ማንኪያ ሶዳ ከቀለም ጋር፤ አቼቶውን ደግሞ በጥቂት በጥቂቱ። አረፋው አፉ ድረስ ወጥቶ ተንተከተከ እንጂ አልፈሰሰም። ኤርታሌም የሚታወቀው በላቫ ሐይቁ አይደል?

ልጆቹ ጮኹ። ልጄ ዘለለች። የጎረቤታችን ልጅ ግን ሲኒውን ትኩር ብሎ እያየ "ቲቸር፣ ይሄን ክፍል ውስጥ ለምን አላሳዩንም?" አለኝ። 10ኛ ክፍል የማስተምረው ተማሪዬ ነው።

ምን ልበለው? ላብራቶሪያችን ከተቆለፈ ቆይቷል። "ኬሚካል የለም፣ ዕቃ የለም" እያልኩ አሲድና ካርቦኔትን በጠመኔ ብቻ ሳስተምር ስንት ዓመቴ። ውሸቴን አይደለም፣ የለም። ግን አቼቶ ሱቅ አለ። ሲኒ ደግሞ የሌለው ቤት የቱ ነው? ለልጄ ሲሆን ሌሊቱን ሙሉ የሞከርኩትን፣ ለሰው ልጆች 40 ደቂቃ እንኳ አላሰብኩበትም። ያ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ሰኞ ሲኒዬን ይዤ ክፍል ገባሁ። ከኋላ ወንበር የሚተኙት ሁለቱ ቆመው ነው ያዩት። አንዷ "ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን በምን እናውቃለን?" ብላ ጠየቀች። በዚህ ክፍል እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። ለረቡዕ የኖራ ውሃ አዘጋጅቻለሁ፤ ጋዙ ሲገባበት ይደፈርሳል።

ልጄ ደግሞ "እውነተኛው ኤርታሌም አቼቶ አለው?" ብላኛለች። የለውም፤ የቀለጠ ድንጋይ ነው ብዬ እያስረዳሁ ነው።

አስተማሪ ወዳጆቼ፣ እናንተስ ከቤታችሁ ዕቃ ምን ይዛችሁ ክፍል ገባችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ልስረቃችሁ።