ቆጥረን ያልቆጠርነው

ሰው እጅግ ሲበሳጭ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ቆሽት ግን የት እንዳለችና ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኔም በጨንቻ ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ስሆን፣ ሥዕሏን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከመሣል አልፌ ስለ እርሷ የተማርኩት በአባቴ ሕመም ነው።

አባቴ (አላህ ይዘንላቸው) በአርባ ምንጭ ገበያ የጋቢና የቡልኮ ነጋዴ ነበሩ። ሸማውን የሚያመጡት ዳገቱን ወጥተው ከዚሁ ከጨንቻ ነበር። በ2013 ክረምት ሰውነታቸው እየከሳ መጣ። ቀጥሎም ዐይናቸው ቢጫ ሆነ፤ ገላቸውን ያሳክካቸው ጀመር። ጎረቤቱ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ እኛም አምነን ሥር እየቀጠቀጥን ሁለት ወር አሳለፍን። አዲስ አበባ ስንደርስ በሽታው የቆሽት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ጉበታቸውም ተሻግሮ ነበር።

ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ «ከቤተሰባችሁ በካንሰር የታመመ ወይም የሞተ አለ?» ሲል ጠየቀን። ታላቅ ወንድሜ «የለም» አለ። እኔ ዝም አልኩ። አባቴም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ሦስታችንም ግን እናውቅ ነበር። የአባቴ ታናሽ እህት አርባ ዓመት ሳይሞላት በጡት ካንሰር ነው የሞተችው። ልጆቿ ባል እንዳያጡ ተብሎ በቤታችን «ምች መታት» ሲባል ኖረ። ሐኪሙም «የለም» የሚለውን ጽፎ አለፈ። አባቴ በአራተኛው ወር ወደ አኺራ ሄዱ።

ከቀብሩ በኋላ ያ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። ለምን ጠየቀ? መልሱን ፍለጋ ማንበብ ጀመርኩ።

ጨንቻ ውስጥ ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ድሩ ሲበጠስ ሸማኔው ቆም ይልና ይቀጥለዋል፤ ከዚያ ሥራው ይቀጥላል። በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ ያለው የዘር ክርም በየቀኑ ይበጠሳል፤ የሚቀጥሉትም አሉ። ከእነዚህ መካከል ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉት ዘረመሎች ይገኛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 ተለይተው ታወቁ። ከመካከላቸው አንዱ ተበላሽቶ ከእናት ወይም ከአባት የተወረሰ እንደሆነ የጡት፣ የእንቁልጢ፣ የፕሮስቴትና የቆሽት ካንሰር የመያዝ ዕድል ይጨምራል። እንዲህ ያለ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ወንድም ያስተላልፋል፤ የሴት ብቻ ጉዳይ አይደለም።

ሕክምናውም በዚሁ ላይ ይመሠረታል። ፕላቲነም ያለበት ሲስፕላቲን የተባለ የኬሞቴራፒ መድኃኒት የካንሰሩን የዘር ክር ይጎዳል። መቀጠያው ጤነኛ የሆነ ሕዋስ ጠግኖ ሊተርፍ ይችላል፤ መቀጠያውን ያጣው የካንሰር ሕዋስ ግን ይሞታል። እንግዲህ ሐኪሙ ስለ አክስቴ የጠየቀው ለወሬ አልነበረም፤ ለአባቴ የሚስማማውን መድኃኒት ለመምረጥ የሚረዳ ጥያቄ ነበር።

ይህ እውቀት ከሕሙማን ፈቃድ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት እንዲህ ያለ ውርስ ያለባቸውን 50 የጸና የቆሽት ካንሰር ሕሙማን አሳተፈ። ሁሉም ሲስፕላቲንና ጀምሲታቢን ወሰዱ፤ ከፊሎቹ በተጨማሪ ቬሊፓሪብ የተባለ አዲስ መድኃኒት ተሰጣቸው። አዲሱ መድኃኒት ዕድሜ አልጨመረም። በሁለቱ ነባር መድኃኒቶች ብቻ ከታከሙት ግን ከመቶው 65 ያህሉ እብጠታቸው ቀንሷል፤ ግማሾቹም ከ16 ወር በላይ ኖረዋል። ለዚህ በሽታ ይህ ትንሽ አይደለም።

ከዚያ በፊት በ2019 ውጤቱ የወጣው ፖሎ የተባለው ሙከራ 3,315 ሕሙማንን መርምሮ 154 ብቻ በዕጣ መደበ። 92ቱ ኦላፓሪብ የተባለውን እንክብል፣ 62ቱ መድኃኒት የሌለበትን እንክብል ወሰዱ፤ የትኛው እንደደረሳቸው አያውቁም። በሽታው እንደገና እስኪያድግ የቆየበት ጊዜ ከ3.8 ወር ወደ 7.4 ወር ከፍ አለ። አጠቃላይ ዕድሜያቸው ግን አልረዘመም።

ውድ አንባቢያን፣ እነዚያ ሰዎች ሞት ደጃቸው ቆሞ ሳለ ባዶ እንክብል ሊደርሳቸው እንደሚችል እያወቁ ፈቀዱ። ደማቸውን ሰጡ፤ ወላጆቻቸው በምን እንደሞቱም ተናገሩ። ጥቅሙ ለእነርሱ ሳይሆን ከእነርሱ በኋላ ለሚመጣ ሰው ሊሆን ይችላል። ፈትዋ መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ይህን ሳስብ ሰደቀቱል ጃሪያ ትዝ ይለኛል። እኛ ግን ለገዛ አባታችን አንዲት እውነተኛ ቃል ነፈግናቸው።

በልጅነቴ ጠዋት መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ እማር ነበር። ኡስታዛችን አንድ ነገር ስንናገር «ከማን ሰማኸው? እርሱስ ከማን?» ይሉን ነበር፤ ሰንሰለቱ የተቆረጠ ወሬ አይቀበሉም። ቤት ስመለስ ደግሞ አባቴ እስከ ሰባተኛው አያት ድረስ በቃሌ ያስቆጥሩኝ ነበር። ስማቸውን አሁንም አልረሳሁም። በምን እንደሞቱ ግን የሁለቱን እንኳ አላውቅም።

እውነቱን ብንናገር አባቴ ይድኑ ነበር ማለቴ አይደለም። በሽታው ገፍቶ ነበር፤ የዘረመል ምርመራውም እንደ ደም ግፊት መለኪያ በየደጁ የሚገኝ አይደለም፤ አጀልም በአላህ እጅ ነው። ሰበብ ማድረስ ግን የእኛ ፋንታ ነበር።

ባለፈው ዒድ ማግስት ከጨንቻ ወርጄ የአክስቴን ትልቋን ልጅ ጠየቅኋት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የሁለት ሴት ልጆች እናት ናት። እናቷ በምን እንደሞተች ነገርኳት። አጎቷ በምን እንደሞቱ፣ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ክር ሊያያዙ እንደሚችሉም አስረዳኋት። ውርሱ በእርግጥ በቤታችን እንዳለ ገና እንዳልተመረመረም አልደበቅኋትም። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ወንድሜ፣ እስከ ዛሬ ለምን ደበቃችሁኝ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

በሳምንቱ ባሏን አስከትላ ሐኪም ዘንድ ሄደች። አልሐምዱሊላህ፣ ጡቷን ታይታ ለጊዜው ምንም አልተገኘባትም፤ በየጊዜው እንድትመለስ ተነግሯታል። ስለ ቤተሰቧ ሲጠይቋት «አለ» ብላ መልሳለች።

እኔም አንድ ደብተር አዘጋጅቻለሁ። በአንድ ወገን የዘመዶቻችንን ስም፣ በሌላው ወገን በስንት ዓመታቸው በምን እንደታመሙ እጽፋለሁ። ሽማግሌዎቹን ስጠይቅ የሚቆጡኝ አሉ፤ ቀስ ብለው የሚነግሩኝም አሉ። እናንተም ወላጆቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። አላህ የሞቱትን ይማር፣ የታመሙትን ያሽር።