የተደረበ ቀለም

ወልቂጤ ባለው የመምህር መኖሪያዬ ግድግዳ ላይ አንዲት ግልጽ ፕላስቲክ ተሰቅላለች። ባሕር ማዶ የሚኖረው ወንድሜ የላከልኝ፣ በባለሙያዎቹ ዘንድ «ሴል» የምትባል በእጅ የተቀባች የካርቱን ፊልም ሥዕል ናት። ከፊት ስትታይ እንከን የላትም፤ ስትገለበጥ ግን ብሩሹ የተመላለሰበት ዱካ ወለል ብሎ ይታያል። ቀለሙ የሚቀባው ከጀርባ ነውና። በቀድሞው አሠራር አንዱ ሰከንድ እስከ 24 እንዲህ ያለ ሥዕል ይፈጅ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ቀረጻው ሲያበቃ ብዙው ታጥቦ ፕላስቲኩ እንደገና ለሥራ ይውል ስለነበር፣ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት ከእጥበት የተረፈውን ነው።

አዲስ አበባ የተወለደው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ ግን ለሰብሳቢ ብዙ አልተወም። እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው «ሂሳብ» በተሰኘው ፊልሙ፣ ታክሲ የተሳፈሩትን የአህያን፣ የፍየልንና የውሻን ጨዋታ በአንድ ሸራ ላይ እየሣለ፣ ፎቶግራፍ እያነሣ፣ በላዩም ሌላውን እየደረበ ሠራው። ቀዳሚው ሁሉ ከሥር ተቀብሯል።

ይህን ሳውቅ ቡታጅራ አጠገብ ያለው የእናቴ ቤት ትዝ አለኝ። መስቀል በደረሰ ቁጥር ግድግዳውን በቀይ አፈር ትለቀልቅና አዲስ ሐረግ ትሥልበት ነበር። ያምናውን እንድትተውልኝ ብለምናት «አሮጌ ቀለም ለእንግዳ ይታያል ወይ?» ብላ ሳቀችብኝ። ያን ጊዜ አልተስማማሁም፤ ዛሬም አልስማማም። ካረፈች በኋላ ከበሩ መቃን አጠገብ የተላጠች፣ ጥፍር የምታህል ቅርፊት አንሥቼ በብርሃን አየኋት፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ደግሞ ቀይ። ከፕላስቲኳ ጎን በጠርሙስ አኑሬያታለሁ።