የበርሜል ዛፍና የመሬት ዛፍ

ዛፍ የመሬት ልጅ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን መሬት የሌለው ሰው ዛፍ ቢወድ ምን ያድርግ? እኔ በአዲስ አበባ በኪራይ ቤት መኖር ከጀመርሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ በዚህም ዘመን ሦስት ጊዜ ቤት ለውጫለሁ። በየጊዜው ከዕቃዬ ሁሉ አስቀድሞ ከመኪና የሚወርደው በግማሽ በርሜል የተተከለ አንድ የጊሽጣ ዛፍ ነው።

የዚህ ዛፍ የትውልድ አገሩ ሞቃቱ የአሜሪካ ምድር ስለ ሆነ፥ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ከተማችን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይከብደዋል፤ ለጋ ቅጠሉም ይጠቁራል። የበርሜል ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ብርዱ ሲበረታ ገፍቼ ከድንጋይ ግድግዳ ሥር አስጠጋዋለሁ፤ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ፀሓይ ሌሊት ይመልስለታል። ብልኀቱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1684 እስከ 1686 በቬርሳይ ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ በተሠራው የብርቱካን ቤት፥ በእንጨት ሣጥን የተተከሉ ዛፎች በብርድ ወራት ይገቡ፥ ሙቀት ሲመጣ ይወጡ ነበር፤ ልማዱም እስከ ዛሬ አልቀረም። ንጉሡ ግን የሚገፉለት ብዙ አገልጋዮች ነበሩት።

በርሜሉ የሚያስከፍለው ዋጋም ቀላል አይደለም። ሥሩ ሄዶ ሄዶ ከቆርቆሮው ሲደርስ መንገድ ስለሚያጣ ይዞራል፤ ዝም ከተባለም ራሱን በራሱ ያንቃል። ስለዚህ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ከነዐፈሩ አውጥቶ፥ የዞረውን ሥር ቈርጦ፥ ዐፈሩን ማደስ ግድ ነው። በበጋ ውሃ ሳይጠጣ ሁለት ቀን አያድርም፤ የሚጠጣውም ውሃ የዐፈሩን ምግብ እያጠበ ከሥር ባለው ቀዳዳ ይዞት ይወርዳል።

አበባውም ጠባየ ብዙ ነው። መጀመሪያ ሲከፈት ሴት ነው፤ ቈይቶ ወንድ ይሆንና ዱቄቱን ያፈሳል። በአገሩ ከአበባ ወደ አበባ የሚያዛምዱት ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ናቸው። እኔ ግን ማታ የሰበሰብሁትን ዱቄት በማግሥቱ ጧት በላባ አደርሳለሁ፤ ወደ መሥሪያ ቤት የሚሄዱ ጎረቤቶቼም ቆመው ይስቁብኛል። ባለፈው ዓመት አሥራ አንድ ፍሬ አገኘሁ።

የአሁኑ ቤቴ ባለቤት እማማ ግን በነገሩ አዘኑ። «ልጄ፥ ይህን ዛፍ እንደ እስረኛ ለምን ታኖረዋለህ? ከጓሮዬ ትከለው» አሉኝ። መሬት ሁሉ እናት አይደለም፤ ዋልካ ዐፈር በክረምት ውሃ አቍሮ ሥር ያበሰብሳል፥ በበጋም ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል፤ አቦካዶ ተክለው በሁለተኛው ክረምት የቀበሩ ሰዎች ዐውቃለሁ። የእማማ ጓሮ ግን ውሃ የማይቋጥር ቀይ ዐፈር ነው፤ ከበስተኋላውም ግድግዳ አለው። የቀረኝ ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ከተተከለ በኋላ የእኔ አለመሆኑ ነው። ሥር የሰደደ ዛፍ ዕቃ ሲጫን አብሮ አይጫንም፤ እኔም ነገ የት እንደማድር አላውቅም።

ብዙ ሌሊት አሰብሁበት። እማማ የልጅ ልጆች አሏቸው፤ ትንሹ ከአሁኑ ዛፉን «ጊሽጣዬ» ይለዋል። ጉድጓዱ በግንቦት ተቆፍሯል፥ ፍግም ገብቶበታል፤ የሰኔ ዝናብ ዐፈሩን ሲያርስ የዞረውን ሥር ቈርጬ አወርደዋለሁ። በርሜሉን አልሰጠሁም። ከአሥራ አንዱ ፍሬ ያስቀረሁትን ዘር በጣሳ ዘርቼ አምስቱ በቅለዋል፤ የሚበረታውን መርጬ በርሜሉ ውስጥ አዛውረዋለሁ።