በሐረር ሰማይ ላይ ‹‹ቡና›› እና ‹‹አቦል››

ሐረር ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ግንቡ፣ ወደ ጅቡና ወደ ቡናው ነው። ቡና ሰማይ ላይም የራሱ ኮከብ እንዳለው ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ልጆችዎን ይዘው ወደ ሐረር ለመሄድ ካሰቡ ቀኑን ለጀጎል፣ ምሽቱን ለዚህ ኮከብ ይመድቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር እያንዳንዱ አገር ለአንድ ሩቅ ኮከብና በዙሪያው ለምትዞር ፕላኔት ስም እንዲያወጣ ጋበዘ። ከ100 በላይ አገሮች ተሳተፉ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ እስከዚያ ድረስ ኤችዲ 16175 በሚል ቁጥር ብቻ የሚጠራ፣ ከፀሐያችን ጋር የሚመሳሰል፣ በመጠን ግን የሚበልጣት ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ኮከቡ ‹‹ቡና››፣ ፕላኔቷ ደግሞ ‹‹አቦል›› መባላቸው ይፋ ሆነ።

እንግዲህ ሁለቱን ከመፈለግዎ በፊት ምድር ላይ ያለውን አቦል ይቅመሱ። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር የጀጎል አምስቱ ጥንታዊ በሮች ናቸው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን በማሠራት ስማቸው የሚነሳው አሚር ኑር ናቸው። ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው። በጠባቦቹ መንገዶች ልጆች ቢቀድሙዎት አይጨነቁ፤ በመኪና ግርግር በኩል የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ይመራዎታል። ቡና የሚቆላበትን ቤት ደግሞ አፍንጫዎ ያገኘዋል። የሐረር ቡና ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ በመሆኑ ጣዕሙ ለየት ይላል። ከቅጠሉ የሚፈላውን ቁጢ ካገኙም አይለፉት።

ማታ ጅብ ሲበላ አይታችሁ ስትጨርሱ ከመብራት ራቅ ወዳለ ቦታ ሂዱና ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ። በታኅሣሥ አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከአናታችሁ ወደ ሰሜን ዝቅ ብለው አልማክና አልጎል የሚባሉ ሁለት ደማቅ ኮከቦች ይታያሉ። የሁለቱም ስም ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ አልጎል ‹‹የጋኔን ራስ›› ከሚለው። ‹‹ቡና›› ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ እኩሌታው ላይ ነው። በባዶ ዓይን አይታይም፤ በባይኖኩላርና በስልክ የሰማይ ካርታ ግን ይገኛል። ‹‹አቦል››ን ማየት አይቻልም። ተመራማሪዎች መኖሯን ያወቁት በስበቷ ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ስታወዛውዘው አይተው ነው።

ያ ብርሃን ዓይናችሁ ላይ ለመድረስ 200 ዓመት ገደማ ተጉዟል። ከኮከቡ ሲነሳ ሐረር በአሚሮች የምትተዳደር፣ የራሷን ገንዘብ የምትቀርጽ፣ በሮቿን ማታ ማታ የምትዘጋ ከተማ ነበረች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም.፣ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ከተማዋ ሲደርሱ ብርሃኑ ገና መንገድ ላይ ነበር።

ልጆች ‹‹እዚያ መኖር ይቻላል?›› ማለታቸው አይቀርም። አይቻልም። ‹‹አቦል›› ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የምትከብድ የጋዝ ፕላኔት በመሆኗ እግር የሚያርፍበት መሬት የላትም። ኮከቧን አንዴ ለመዞር 2 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ስለሚፈጅባት፣ እዚህ 8 ዓመት የሞላው ልጅ በእሷ አቆጣጠር ገና 3ኛ ዓመቱን መያዙ ነው። ፀሐይን የሚመስሉ ኮከቦችን የሚዞሩ ድንጋያማ ፕላኔቶችም ተገኝተዋል። በ2003 ዓ.ም. ይፋ የሆነችው ኬፕለር 10ቢ አንዷ ናት፤ ነገር ግን ለኮከቧ እጅግ በመቅረቧ አንድ ዓመቷ ከአንድ ቀናችን ያጥራል፣ ሙቀቷም ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። አፈር፣ ውኃና ቡና አንድ ላይ ያሉበት የምናውቀው ቦታ ይህችው ምድራችን ናት።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትወጡ በመንገዱ ግራና ቀኝ የምታዩት አረንጓዴ ማሳ በብዛት ቡና አይደለም፣ ጫት ነው። ቡና በዓመት አንዴ ይለቀማል፤ ዋጋውም ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል። ጫት ግን በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም ቶሎ እጅ ይገባል። ልጆቹን የሚያስተምር ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ቢተክል የሚፈረድበት አይደለም። አገራችን ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ተከራክራ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ተስማምታለች። ስሙ በንግዱም በሰማይም ቦታ አግኝቷል። ዛፉ በሐረርጌ ኮረብታ ላይ እንዲቆይ ግን ለገበሬው የሚያዋጣ ዋጋ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ስትመለሱ ከሐረር የምትይዙት የመጀመሪያው ዕቃ የሐረር ቡና ይሁን፤ ከየት ወረዳ እንደመጣም ሻጩን ጠይቁ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ በደንገጎ ዳገት በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይኬዳል። ማታ ስለሚበርድ ለልጆች ሹራብ ያዙ። ቤት ስትገቡም ቡናውን አፍሉና አቦሉ ሲቀዳ የፕላኔቷን ነገር አንሱላቸው። ‹‹ቡና››ን የሚዞሩ ሌሎች ፕላኔቶች ወደፊት ቢገኙ ስማቸው ማን ይባል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ቶናና በረካን ሳይነገራቸው የሚመልሱ ይመስለናል።