ስልኩ ሳይጮህ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እናትሽ በርበሬውን አስፈጭታ ናይሮቢ የሚመጣ ሰው እየጠበቀች ነው።

ባለፈው ስትደውዪ «አባዬ፣ የምሠራበት ሚዲያ ባለቤት ጥሩ ሰው ነው፤ በሥራችን ገብቶ አያውቅም» አልሽኝ። ደስ አለኝ፤ ሌሊቱን ግን ስገላበጥ አደርኩ። የእኔም አለቃ አንድ ቀን እንኳ በሥራዬ ገብቶ አያውቅማ!

አንድ ኀሙስ ማታ የቅዳሜውን እትም ስንሠራ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስለ አንድ ሪል እስቴት የተጻፈ ዘገባ ነበር። ሰዎች ከፍለው፣ ዓመታት ጠብቀው ቁልፍ አልተረከቡም። ድርጅቱ ደግሞ የመጨረሻውን ገጽ በየሳምንቱ በሙሉ ቀለም ይገዛናል። ማንም አልደወለልኝም። የማስታወቂያ ክፍሏ ልጅ ሻይ ይዛልኝ ገባች፣ ገጹን አየት አደረገችና «ጋሼ፣ የዚህ ወር ደመወዝ ከእነሱ ሂሳብ ነው አይደል?» ብላ ወጣች። በቃ፣ ይኸው ነው። «ትንሽ ማጣራት ይፈልጋል» ብዬ ዘገባውን ያነሳሁት እኔው ነኝ፤ ተጣርቶ ያለቀ ነበር። በቦታው ስለ ኩላሊት ጠጠር የተተረጎመ ጽሑፍ ገባ። ዘጋቢው ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣውን ገልጦ አየ፣ መልሶ አጠፈው፣ አንድ ቃል አልተናገረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እኛ የምንፈራው መንግሥትን ብቻ ነበር። ለነገሩ ማተሚያ ቤቱም የእሱ ነው፤ ሳንሱር በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ከቀረ 20 ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በ2004 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሕግ ይጥሳል ያለውን ጽሑፍ አላትምም እንዲል የሚፈቅድለት ውል ለአሳታሚዎች አቀረበ። ያም ሆኖ የሚታይ ፍርሃት ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ ታውቂዋለሽ።

አንቺ ያለሽበት አገር የሚዲያ ባለቤቱ ብዙ ነው። ግን ኬ24 ቴሌቪዥን ከኬንያታ ቤተሰብ፣ ስታንዳርድ ጋዜጣ ከሞይ ቤተሰብ ጋር ስማቸው ሲነሳ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ የኔሽን ጋዜጣ አዘጋጅ ዴኒስ ጋላቫ ፕሬዚዳንቱን የሚነቅፍ የአዲስ ዓመት ርዕሰ አንቀጽ ጽፎ ከሥራ ሲሰናበት፣ ኩባንያው የሰጠው ምክንያት አሠራር አልተከተለም የሚል ነበር። የዚያው ጋዜጣ ካርቱኒስት የጋዶም ውል በዚያው ሰሞን ሳይታደስ ቀረ። «አሠራር» ስትሰሚ፣ «ውል አልታደሰም» ስትሰሚ ጆሮሽን አቁሚ፤ ሁለቱም ቁጣ የሌለባቸው ቃላት ናቸው።

ስለዚህ ስለ ባለቤቱ ደግነት አትንገሪኝ። ሌላ ምን ይነግዳል? መሬት፣ ባንክ፣ የመንግሥት ጨረታ? ትልቁን ማስታወቂያ የሚከፍለውስ ማነው? ስለ እነሱ የተጻፈ ዘገባ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?

ያን ያነሳሁትን ገጽ እስካሁን አልጣልኩትም። ከበርበሬው ጋር እልክልሻለሁ፤ እናትሽ ቀለም እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላዋለች።

አባትሽ