ከማርሹ እስከ ልቅሶው

በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበርኩ። ሌኒንግራድ የገባሁት ምሕንድስና ልማር ነው። ከቤት ይዤው የሄድኩት ሙዚቃ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈንና አባቴ በዐቢይ ጾም አጠገቡ አስቀምጦ ያሰማን የነበረው በገና ነበር።

ወደ ከተማዋ የሙዚቃ ቤት፣ ወደ ፊልሃርሞኒያ ታላቁ አዳራሽ እንድሄድ የገፋፉኝ የማደሪያችን በር ጠባቂ፣ አንዲት አረጋዊት ናቸው። ከተማዋ በጀርመን ጦር ተከባ ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ እዚያው ነበሩ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1942 በረሃብ የመነመኑ ሙዚቀኞች በካርል ኤሊያስበርግ መሪነት የሾስታኮቪችን ሰባተኛ ሲምፎኒ በዚያ አዳራሽ ሲጫወቱ፣ እሳቸው ጎዳና ላይ ከተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ሰምተውታል። «ልጄ፣ ረሃቡ አልለቀቀኝም፤ ግን ብቻዬን እንዳልሆንኩ አወቅሁ» አሉኝ።

ተማሪ በትንሽ ገንዘብ ትኬት ገዝቶ ፎቁ ላይ፣ ከነጫጮቹ ዓምዶች ኋላ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት የቻይኮቭስኪን ስድስተኛ ሲምፎኒ ነው። ቻይኮቭስኪ ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1893 እዚያው አዳራሽ ራሱ መርቶ አሰማና ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሞተ።

ሦስተኛው ክፍል እየጋለ የሚሄድ ማርሽ ነው። ነሐሱና ከበሮው ሲገጥሙ ደሜ ሞቀ። ሥራው እዚያ ያለቀ መስሎት የሚያጨበጭብ አድማጭ በየአገሩ አለ። አራተኛው ክፍል ግን በዝግታ ይጀምርና በቼሎና በኮንትራባስ ወፍራም ድምፅ እየከሰመ ያልቃል። ያኔ ለእኔ ሲምፎኒው ማርሹ ነበር። የሲምፎኒውን ሸክላ ገዝቼ መርፌውን የማሳርፈው ሦስተኛው ክፍል ላይ ነበር።

አንድ ማለዳ ያገሬ ልጆች ተሰብስበው ክፍሌ መጡና የአባቴን መርዶ ነገሩኝ። ከተቀበረ ሰንብቷል። እዚያ አገር ልቅሶ የምደርስበት ደጅ አልነበረኝም። በዚያው የብርድ ወራት ሲምፎኒው እንደገና ሲቀርብ ሄድኩ። ማርሹ አለፈ፤ ምንም አላለኝም። አራተኛው ክፍል ሲከፈት አንደኛና ሁለተኛ ቫዮሊኖች ዜማውን ድምፅ በድምፅ ይከፋፈሉታል፤ አንደኛው ወገን ለብቻው ቢደመጥ ዜማው ሙሉ አይሆንም። አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ሌሎቹ እንደሚቀበሏት፣ ኀዘኑ የሚሞላው በመቀባበል ነው። እዚያ ቆሜ ለአባቴ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ሴት ምንም ሳትጠይቀኝ መሐረቧን ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ዝግ ያለውን ይፈልግ ጀመር። ባኅ ለቼሎ ብቻ ከጻፋቸው ስድስት ስዊቶች፣ ሳራባንድ የሚባለውን የአምስተኛውን ዝግተኛ ክፍል የሚስተካከልልኝ የለም። አንድም ኮርድ የለበትም፤ ነጠላ ድምፆች ተራ በተራ ይመጣሉ። ጓደኞቼ ባዶ ነው አሉት። እኔን ግን በገና ለነጠላ፣ ለዝግተኛና ለወፍራም ድምፅ አስቀድሞ አልምዶኛል። አባቴ ትምህርት ነው ሳይል አስተምሮኝ ነበር።

የሙዚቃ ምርጫ በዕውቀት ብዛት ከቀላሉ ወደ ከባዱ ያድጋል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ እንዳየሁት ግን የሚያሳድገው ከቤት የወጣንበት ድምፅ፣ እጃችንን ይዞ ያስገባን ሰው፣ መደጋገምና የደረሰብን ነገር ነው። ማርሹን ዛሬም እወደዋለሁ። እሱ ባይስበኝ ኖሮ ኀዘኔ አዳራሹን አያውቀውም ነበር። ስለዚህ ክላሲካል ሙዚቃ አይገባኝም የሚለኝን ወጣት የትኛው ክፍል ደስ እንዳለው እጠይቀዋለሁ። የጠቀሰውን ሳልንቅ ከዚያው አስጀምረዋለሁ፤ ደግሞም እስከ መጨረሻው አብሬው እቀመጣለሁ።