ከዝርዝሩ ውስጥ የለም

ልጅ ትምህርት ቤት ስታስመዘግቡ፣ የባንክ ሒሳብ ስትከፍቱ ወይም ክሊኒክ ካርድ ስታወጡ የምታውቁት አንድ አፍታ አለ። መዝጋቢዋ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ከዚያ ቀና ብላ «ይሄ አልገባ አለኝ፤ የሚቀርበውን ልምረጥ?» ትላለች። ወረፋው ረጅም ነው፣ ልጁ እጃችሁን ይጎትታል፤ «እሺ» ብላችሁ ትገላገላላችሁ። በዚያች «እሺ» ምን እንደተመዘገበ ግን ብዙዎቻችን አናይም።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። የተማርኩት ቢዝነስ እንጂ ኮምፒውተር አይደለም። ሆኖም ባሌ ሮቤ በምሠራበት ድርጅት የገበሬ ደንበኞቻችን መዝገብ የተያዘው በማይክሮሶፍት አክሰስ ነው። መዝገቡን የሠራው ባለሙያ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ሥራ ለቋል። መዝገቡ ሲያስቸግር የሚጠራው «አንቺ ትንሽ ትሞክሪያለሽ» የተባለች ሰው ናት፤ ያቺ ሰው እኔ ነኝ። እንዲህ ነው ከተቆልቋይ ዝርዝር፣ በተለምዶ «ድሮፕ ዳውን» ከምንለው ነገር ጋር የተዋወቅኩት።

ሁለቱ ሮቤዎች

ሮቤንና ጎባን የሚለያቸው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። አንዱ ከተማ አድሮ ሌላው ከተማ ሥራ መግባት የተለመደ ነው። ከጎባ ወደ ደቡብ ሽቅብ ሲወጣ የሳነቴ አምባ ይመጣል፤ እዚያ ላይ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ አለ። በሮቤ ዙሪያ ደግሞ ሜዳው የስንዴና የገብስ ነው። በሲናና አካባቢ በበልግም በመኸርም ስለሚዘራ፣ ለገበሬው የአንድ ሳምንት መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም።

ባለፈው ዓመት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቢሮአችን መጡ። የምርጥ ዘር ክፍያቸውን ፈጽመው፣ ደረሰኛቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውታል። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ «መጥታችሁ ውሰዱ» የሚል የስልክ መልእክት ደርሷቸው ዘራቸውን ወስደዋል። እሳቸው ጋ ምንም አልመጣም።

«ልጄ፣ ስሜ ጠፋ እንዴ?» አሉኝ።

«አልጠፋም እናቴ፤ ይቀመጡ፣ አሁን አየዋለሁ» አልኳቸው።

ስማቸው በእርግጥ አልጠፋም። የመረከቢያ ከተማቸውም «ሮቤ» ይላል። ችግሩ አርሲ ውስጥም ሮቤ የሚባል ከተማ መኖሩ ነው፤ ድርጅታችን እዚያም ደንበኞች አሉት። ዝርዝሩ ውስጥ «ሮቤ» እና «ሮቤ» ተብለው ሁለት መስመሮች አሉ፤ በዓይን ምንም አይለያዩም። የእኚህ እናት ስም የአርሲው ሮቤ ተራ ውስጥ ገብቶ፣ ተራው ገና አልደረሰም።

እንዴት ሆነ ብዬ ስፈትሽ ነገሩ ገባኝ። አክሰስ ላይ የመጀመሪያውን ፊደል ስትጽፉ ፕሮግራሙ ቀሪውን ራሱ ይሞላላችኋል። ሁለት ተመሳሳይ ስሞች ካሉና መዝጋቢዋ በጽሑፍ ካስገባች፣ የሚያዘው ከላይ ያለው ነው። የስህተት መልእክት አይወጣም፤ ቀይ ምልክትም የለም። ልጅቷ በትክክል ሠርታለች፤ የሳተው ቅጹ ነው።

የሚታየውና የሚቀመጠው

ይህን ለመረዳት የረዳኝ የአውሮፕላን ትኬት ነው። አየር ማረፊያችን ያለው ሮቤ ነው፤ ትኬቱ ላይ ያለው መለያ ግን ከጎባ ስም የተወሰደው «ጂ ኦ ቢ» ነው። ተሳፋሪው የሚያየው ስም ሌላ፣ ሥርዓቱ የሚሠራበት መለያ ሌላ። ተቆልቋይ ዝርዝርም እንዲሁ ነው። ዓይናችን «ጎባ» ያያል፤ ሠንጠረዡ ውስጥ የሚቀመጠው ግን ብዙ ጊዜ ቁጥር ነው፣ ለምሳሌ 7። ቅጹን የሠራው ሰው የትኛው ዓምድ እንደሚታይና የትኛው እንደሚቀመጥ ያዝዛል። ትእዛዙ ከተዛባ ወይ «ይህ ዋጋ እዚህ አይሆንም» የሚል መልእክት ይመጣል፣ ወይ ደግሞ ዝም ብሎ የተሳሳተ ነገር ይመዘገባል። ሁለተኛው ይከፋል።

ሌላው የታወቀው ችግር «የጻፉት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም» የሚለው መልእክት ነው። ይህ የሚመጣው ቅጹ ከዝርዝሩ ውጪ ምንም እንዳይቀበል ሲታዘዝ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያ መፍትሔ አድርጎ የሚያስበው እገዳውን ማንሳት ነው። እኛም ጋ አንድ ባልደረባዬ ይህንኑ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እገዳው በሌለበት አንድ የቆየ ሠንጠረዥ ውስጥ ግን «ሮቤ»፣ «ባሌ ሮቤ»፣ «ሮቤ ከተማ» እና «ሮቢ» ተብላ የተጻፈችው አንዲት ከተማ ናት። በሮቤ ስንት ደንበኛ አለን ተብሎ ቢጠየቅ ማንም መመለስ አይችልም። ስለዚህ እገዳው ይቆይ፤ የሚታረመው ዝርዝሩ ነው።

እኔ ስፈትሽ የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ስሙ በእርግጥ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ዝርዝሩን ዘርግቼ በዓይኔ አያለሁ። ካለ፣ ከኤክሴል ሲቀዳ ከፊቱ ክፍት ቦታ ይዞ እንደሆነ አጣራለሁ፤ ያቺ የማትታይ ክፍተት ብቻዋን ብዙ ታስቸግራለች። ዛሬ የተጨመረ ስም ከሆነ ደግሞ ቅጹን ዘግቼ እከፍታለሁ፤ የተከፈተ ቅጽ አዲሱን ስም ላያውቀው ይችላልና። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዓምዶቹ የምሄደው። ስሙ በእውነት ከሌለ፣ ቅጹ ራሱ «ይጨመር?» ብሎ እንዲጠይቅና ወደ መመዝገቢያ ገጽ እንዲወስድ ማድረግ ይቻላል። ማን መጨመር እንደሚችል ግን አስቀድሞ መወሰን አለበት። እኛ ጋ የሚጨምሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

የእኛ ሀገር ተጨማሪ ፈተና

ውጭ ሀገር የተጻፉ መመሪያዎች ይህን ሁሉ ያስተምራሉ። የእኛን ሀገር ፈተና ግን አያውቁትም። ለእኛ «ሰ» እና «ሠ» ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለኛ አንድ ሰው፣ ለማሽኑ ሁለት ሰው ነው። ባሌ ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ይጻፋል። በቁቤ አናባቢ ሲረዝም ፊደሉ ስለሚደገም፣ ሮቤ ሁለት «ኦ» እና ሁለት «ኢ» ይዛ ትጻፋለች። በእንግሊዝኛው የመንገድ ምልክት ግን አንድ አንድ ብቻ ናቸው። ስለዚህ አንዲት ከተማ ቢያንስ በሦስት አጻጻፍ ትመጣለች፤ ሦስቱም ትክክል ናቸው።

አስተዳደሩም ይለወጣል። የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጎባ ነበረች፤ ዛሬ የባሌ ዞን መቀመጫ ሮቤ ናት። ዶዶላና አዳባ ድሮ ባሌ ነበሩ፤ አሁን ምዕራብ አርሲ ናቸው። ጊኒር ደግሞ ዛሬ የምሥራቅ ባሌ ናት። አባቱ «ባሌ» ብሎ ያስመዘገበው ልጅ፣ አሁን ባለው ዝርዝር ወረዳውን ባሌ ሥር ቢፈልግ አያገኘውም።

እኛ ያደረግነው ውድ ነገር አልነበረም። ለእያንዳንዱ ከተማ የማይለወጥ ቁጥር ሰጠን። ዝርዝሩ ላይ የሚታየውን ስም ከዞኑ ጋር አንድ ላይ እንዲወጣ አደረግን፤ «ሮቤ፣ ባሌ» እና «ሮቤ፣ አርሲ»። በአጠገቡም የቁቤውን አጻጻፍ አሳየን፤ ገበሬው በየትኛውም ቢያነብ ይለየዋል። ከዚያ የአርሲውን ሮቤ ዝርዝር በስልክ አጣርተን፣ ያለ ቦታቸው የገቡ ሌሎች ሰዎችም አገኘን።

እኚያ እናት ዘራቸውን በዚያው ዕለት ተረከቡ፤ ግን ጎረቤቶቻቸው ከዘሩ ከአሥር ቀን በኋላ ነበር። ሲወጡ ግን ልጅቷን አልተቆጡም። «ጽሑፉን ብታነቢልኝ እኮ እነግርሽ ነበር» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመዝጋቢዎቻችን ጠረጴዛ ላይ አንድ ደንብ አለ፤ መዝጋቢዋ ከመቋጨቷ በፊት ስም፣ ከተማና ዞን ጮክ ብላ ለደንበኛው ታነባለች። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ በየቤታችን የሚገባ ጉዳይ ነው። ጳጉሜን የተወለደ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያሳይ ቅጽ ገጥሟችሁ ይሆናል። ውጭ ሀገር ያሉ ዘመዶቻችን «የቤተሰብ ስም» በሚል ሳጥን ውስጥ የአባታቸውን ስም ጽፈው፣ እናት አንድ ልጅ ሌላ የቤተሰብ ስም ይዘው ድንበር ላይ ማብራሪያ ሲጠየቁ ኖረዋል። ዝርዝሩን የሠራው ሰው እኛን አላሰበንም፤ እኛም ዝም ካልን ማንም አይነግረውም።

እናም ቀጣይ ጊዜ መዝጋቢዋ «የሚቀርበውን ልምረጥ?» ስትል፣ ሳትቆጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። መጀመሪያ፣ «ስክሪኑን ባየው?» በሉ። ቀጥሎ፣ «ሌላ» የሚል ምርጫና ትክክለኛውን ስም መጻፊያ ቦታ ካለ ያ ይሞላልኝ በሉ። በመጨረሻ፣ የልጃችሁ ስም በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል እንዲመሳሰል አድርጉ፤ «ሠ» ከሆነ «ሠ» ይሁን። የላቲኑንም አጻጻፍ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ተስማምታችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩት፤ ለሁሉም መሥሪያ ቤት ያንኑ ስጡ። ከኋላችሁ ያለው ወረፋ ትንሽ ያጉረመርም ይሆናል። ያጉረምርም፤ የእሱም ተራ ይመጣል።